ኖክ ሴንሰርን በሞተሩ ልክ መቃኘት

ቆርቆሮዋ ብቻ ዲኤክስ የሆነ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ሰሞኑን ጋራዥ የገባችልኝም እንደዚያው ናት። የድሮው ሞተር ወጥቶ ከሌላ ኮሮላ የመጣ 4ኤ-ኤፍኢ ገብቶላታል። ላዩ ላይ ትንሽ ቱርቦ ተጨምሯል። ኮምፒውተሩም የፋብሪካው ሳይሆን ፕሮግራም የሚደረግ ነው። የባለቤቱ ቅሬታ አጭር ነው፦ «ሸገር ላይ ቆንጆ ነው የምትሄደው። ወደ አዋሽ ስወርድ ግን ዳገት ላይ ጠጠር ያለበት ጣሳ ትሆናለች። ኮምፒውተሩ ደግሞ ምንም አይሰማ!»

ላፕቶፑን ሰካሁና አየሁት። ኖክ ሴንሰሩ፣ ማለትም ቤንዚን ያለ ጊዜው ሲፈነዳ የሚወጣውን ድምፅ (ኖክን) ለኮምፒውተሩ የሚያሰማው መሣሪያ፣ አለ፤ ሽቦውም ደህና ነው። የኮምፒውተሩ ቅንብር ፋይል ግን ከሌላ መኪና የተገለበጠ ነው። የትኛውን ድምፅ እንደሚያዳምጥ የሚመርጠው ማጣሪያ 6.12 ኪሎኸርዝ ላይ ተቀምጧል። ይህ ቁጥር የሚሆነው ሲሊንደሩ ከ92 እስከ 95 ሚሊ ሜትር ለሚሰፋ ሞተር ነው። የዚህ ሞተር ሲሊንደር 81 ሚሊ ሜትር ነው። ኮምፒውተሩ እያዳመጠ ነበር፣ የሚያዳምጠው ግን የሌላ ሞተር ድምፅ ነው።

ይህን ዓይነት ኮምፒውተር የገጠማችሁ፣ ሊንክም ይሁን ሃልቴክ ወይም ሩስኢኤፍአይ፣ የምነግራችሁን በቀጥታ ትጠቀሙበታላችሁ። የፋብሪካ ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ ስለ ሴንሰሩ ምርጫና አገጣጠም ያለውን ክፍል አንብቡ። እሱ ለሁሉም ይሆናል።

መጀመሪያ በሽታውን እንለይ። ቢየላ ላልቶ ወይም ኩሽኔታ ተበልቶ የሚያንኳኳ ሞተር ጉዳዩ ሌላ ነው። የዚያ ድምፅ ወፍራም ነው፤ መፍትሔውም ሞተር ማውረድ ነው። ኖክ ግን የሚመጣው ከቃጠሎው ነው። ካንዴላው ብልጭ ካለ በኋላ ነበልባሉ ወደ ዳር ይሄዳል። ዳር ላይ ያለው ገና ያልነደደ ቤንዚንና አየር ይታመቃል፣ ይግላል። ነበልባሉ ሳይደርስበት በራሱ ጊዜ ድንገት ይፈነዳል። የፍንዳታው ግፊት ከአንዱ የሲሊንደር ግድግዳ ወደ ሌላው እየተላተመ ይመላለሳል። የምንሰማው ድምፅ ያ ምልልስ ነው።

የምልልሱን ብዛት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የሲሊንደሩ ስፋት ነው። ሌላው ድምፅ በጋለው ጋዝ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ነው። ውጭ አየር ላይ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ሲሊንደር ውስጥ ግን ወደ 950 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነቱ ከሞተር ሞተር ብዙ ስለማይለያይ የቀረው ስፋቱ ነው።

ስሌቱ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃዋል። 573ን በሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር አካፍሉ። መልሱ በኪሎኸርዝ ይመጣል። 573 ከየት መጣ ካላችሁ፣ 1800 ለ3.14 ሲካፈል ነው። ቀመሩ የሚጠራው በቻርልስ ስታርክ ድሬፐር ስም ነው። ሰውየው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ኤምአይቲ ውስጥ ኖክን ያጠና ነበር። በኋላ አፖሎን ወደ ጨረቃ የመራውን ኮምፒውተር የነደፈው የእሱ ላቦራቶሪ ነው። የሞተር ሕመም ሲያዳምጥ የነበረ ሰው እዚያ መድረሱ ሁሌ ይገርመኛል።

ወደ ሥራችን። የቪትዝ 1ኬአር ሞተር 71 ሚሊ ሜትር ነው፤ 8.07 ይመጣል። ራይድ ላይ የምታዩአት ዲዛየር 73 ናት፤ 7.85። 1ኤንዜድ 75 ነው፤ 7.64። 1ዜድዜድ 79 ነው፤ 7.25። የኛው 4ኤ 81 ስለሆነ 7.07 ይሆናል። ሃይሉክስና ሃይኤስ ላይ ያለው 2ቲአር 95 ነው፤ 6.03። ሲሊንደሩ በሰፋ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። የፒስተኑ የጉዞ ርዝመት እዚህ ውስጥ አይገባም። 7ኤ-ኤፍኢ ከ4ኤ የበለጠ ረጅም ጉዞ አለው፣ ስፋቱ ግን ያው 81 ነው። ስለዚህ ቁጥሩም ያው ነው። ሲሊንደሩ በግማሽ ሚሊ ሜትር ተሞርዶ ሰፍቶ ቢሆንም አትጨነቁ፣ ለውጡ ከምንም አይቆጠርም።

ይህ ቁጥር ግን ፍለጋ የሚጀመርበት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፍና «ጨርሻለሁ» ይላል። ትክክለኛውን የሚነግራችሁ ሞተሩ ራሱ ነው። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ሴንሰሩ የሚያምኑት መሆን አለበት።

ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው፣ ገብታችሁ «ኖክ ሴንሰር አለ?» ብትሉ ሁለት ዓይነት ይወጣላችኋል። አሮጌው ባለ አንድ ሽቦ ነው፤ ራሱ ጥርስ አለውና እንደ ብሎን ይጠብቃል። ውስጡ የምትርገበገብ ስስ ነገር አለች። እሷ ከፋብሪካ የተቃኘችው ለአንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ቶዮታ ላይ 7 ኪሎኸርዝ አካባቢ። ከዚያ ወጣ ያለ ድምፅ ሲመጣ ትደነቁራለች። አዲሱ ጠፍጣፋ ነው፤ መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለው፣ በብሎን ይታሰራል። ይሄኛው ሰፊ ክልል ይሰማል፤ ምርጫውን ለኮምፒውተሩ ይተዋል። ለቅኝት ሥራ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ቦሽ የሚሠራው በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ስላለ አይጠፋም። አሮጌውን ዓይነት ከአንድ ሞተር አውልቆ ሌላ ስፋት ያለው ሞተር ላይ መግጠም ግን ትርፉ ድካም ነው። ጥርሱ ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ቼክ ኢንጂን መብራቱን ለማጥፋት ሲሉ በሴንሰሩ ፋንታ ሬዚስተር የሚበይዱ አሉ። የሴንሰሩን ብልሽት የሚጠቁመው ፒ0325 የሚለው ኮድ ይጠፋል። ኮምፒውተሩም ሞተሩ ሰላም ነው ብሎ ያምናል። ፒስተን ሲበሳ ግን ማንም መብራት አያበራላችሁም። ያገለገለ መኪና ስትገዙ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅላችሁ እዩ።

አገጣጠሙ ላይ ችኮላ አያስፈልግም። ቦታው ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ በ2ኛውና በ3ኛው መሃል፣ ወደ ላይ ጠጋ ብሎ። ቴስታታ (ቫልቮላዎቹ ያሉበት የላይኛው ክፍል) ላይ አይታሰርም፤ የቫልቮላውን ወሬ ብቻ ይሰማል። ብራኬት ላይም አይሆንም፤ ብራኬቱ የራሱ ርግብግቢት አለው። መቀመጫው ላይ ያለውን ቀለም፣ ዝገትና የድሮ ሲሊኮን ፍቃችሁ ብረቱን አውጡት። ሮንዴላ አይገባም። ቴፍሎንም አይጠመጠምም። ኤም8 ብሎን በ20 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። በእጅ ግምት አይሠራም፤ ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ ተዋሱ። ብሎኑ ከላላ ወይም ከጠነከረ ሴንሰሩ የሚልከው ድምፅ ይለወጣል፣ ከዚያ በኋላ የምትለኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሽቦው ሽፋን ያለው ይሁን። ሽፋኑ ከኤሌክትሪኩ መሬት (ማሳ) ጋር የሚገናኘው በኮምፒውተሩ በኩል ብቻ ነው። ከካንዴላ ኮይሎችና ከዲናሞው አርቁት።

አሁን ቀረጻ። ርካሽ ዩኤስቢ የድምፅ ካርድ ግዙ። ነገር ቢበላሽ ካርዱ ይቃጠል፣ ላፕቶፑ ይትረፍ። የሴንሰሩን ሁለት ሽቦ ከማይክ መሰኪያው ጋር አገናኙ። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። በሰከንድ 48,000 ናሙና እንዲወስድ አድርጉት፤ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ድረስ ያሳያችኋል። ከዚያ በፊት ግን የዊንዶውስን የድምፅ ቅንብር ክፈቱ። «ጫጫታ መቀነሻ» እና ድምፅን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ነገር በርቶ ከሆነ አጥፉት። እሱ የተሠራው ለስብሰባ ነው፤ የምትፈልጉትን ድምፅ ጫጫታ ነው ብሎ ይጠርግላችኋል። ሞተሩ ሲጮህ መስመሩ ከላይና ከታች ተቆርጦ ከታየም መቅጃው ሞልቷልና ዝቅ አድርጉት።

መጀመሪያ የሚቀዳው ጤነኛው ሞተር ነው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭ የሚልበትን ጊዜ፣ ከተለመደው 4 ወይም 5 ዲግሪ አዘግዩት፤ ኖክ እንደማይኖር እርግጠኛ ለመሆን ነው። ከዚያ በደቂቃ ከ1,500 ዙር ጀምሮ በየ500 ዙሩ እስከ ላይ ቅዱ። በጭነት ላይ እንጂ ቆማችሁ ጋዝ በመርገጥ አይደለም። ይህ ቀረጻ የሞተሩ የተፈጥሮ ድምፅ ነው፦ ቫልቮላ፣ ኢንጄክተር፣ ፖምፓ፣ ሁሉም አለበት።

ቀጥሎ ኖክ ያለበት ቀረጻ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ልጅ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ከተማችን 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው፤ 76 ኪሎፓስካል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስስ ስለሆነ ኖክ በቀላሉ አይመጣም። መተሃራ ስትወርዱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ ግፊቱ ወደ 90 ይጠጋል። ሙቀቱም አለ። ቱርቦ ያለው ሞተር ላይ ደግሞ የቱርቦው መክፈቻ የሚሠራው በውጭው አየር ላይ ተመርኩዞ ነው። ስለዚህ ቱርቦው የሚጨምረው ያው ሆኖ አጠቃላይ ግፊቱ በዚያው 14 ኪሎፓስካል ከፍ ይላል። የደንበኛዬ መኪና ሸገር ላይ ጨዋ፣ አዋሽ ላይ ባለጌ የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ለዚህ ሥራ የምወርደው ወደዚያው ነው። ከመተሃራ ወደ አዳማ ሲመለሱ መንገዱ እየወጣ ይሄዳል፣ ጭነት በነፃ ታገኛላችሁ። የጅቡቲ ተሳቢዎች ሳይበዙ በጠዋት ሂዱ። አንድ ሰው ይነዳል፣ አንዱ ላፕቶፑን ይይዛል። ሹፌሩ ስክሪን አያይም።

ኖክ ሆን ብሎ ማምጣት አደገኛ ነውና ልኩን እወቁ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር፣ ጋዝ ግማሽ ያህል። ቤንዚኑ ትንሽ በዛ ያለ ይሁን። ታይሚንጉን አንድ አንድ ዲግሪ እያስቀደማችሁ ሂዱ። መንቀጫቀጩ ሲጀምር ሁለት ሦስት ሰከንድ ቅዱና ወዲያው መልሱት። ከ3,500 ዙር በላይ አትሞክሩት። ቱርቦው ሙሉ ሲነፋማ ጭራሽ። ታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚንም ዘወትር የምትቀዱት ዓይነት ይሁን። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይታወቅ መለኪያ አይሆንም።

ላፕቶፑ ላይ ሁለቱን ቀረጻ በተመሳሳይ ዙር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ኦዳሲቲ ውስጥ ድምፁን በፍሪኩዌንሲ የሚበትን ሥዕል አለ፣ እሱን ክፈቱ። ጤነኛው ላይም ኖክ ያለበት ላይም የሚታይ ጉብታ አይጠቅማችሁም፤ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን። የምትፈልጉት ኖክ ሲኖር ብቻ የሚነሳውን ነው።

በዚህች ዲኤክስ ላይ ያየሁት እንዲህ ነው። አንዱ ጉብታ 7 ኪሎኸርዝ ላይ ተነሳ፣ ቀመሩ እንዳለው። ሹል ግን አይደለም። ፒስተኑ ሲወርድ ጋዙ ይቀዘቅዛል፣ ድምፁም አብሮ ወደ ታች ይንሸራተታል። ስለዚህ ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ሁለተኛው 11.7 አካባቢ ላይ አነስ ብሎ ታየ። ሦስተኛው 14.5 ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ብዙዎች «ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ነው» ይላሉ። በሲሊንደር ውስጥ እንደዚያ አይሄድም። ግፊቱ ከዳር ዳር ብቻ አይደለም የሚመላለሰው፤ በአራት ተከፍሎም፣ ከመሃል ወደ ዙሪያውም ይመላለሳል። ስለዚህ ተከታዮቹ የመጀመሪያው 1.66 እና 2.08 እጥፍ ናቸው። እጥፉ ላይ የሚፈልጉት ሰዎች ቁጥራቸው ለሦስተኛው ስለሚቀርብ እሱን በዕድል ያገኙታል።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? በዝቅተኛ ዙር 7 ግሩም ነው። ከ4,500 ዙር በላይ ግን ጤነኛው ሞተር ራሱ 7 አካባቢ መጮህ ጀመረ፣ ኖኩን የሚውጠው ዓይነት ጩኸት። 14.5 ላይ ግን ጤነኛው ሞተር እስከ ላይ ዝም ያለ ነው። እኔ እሱን መረጥኩ። የናንተ ሞተር ሌላ ሊል ይችላል፤ ሥዕሉን እመኑ።

ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ኖክን የሚያዳምጠው ቺፕ ኤችአይፒ9011 ወይም ቲፒአይሲ8101 ከሆነ የፈለጋችሁትን ቁጥር አይቀበልም። ከ1.22 እስከ 19.98 ኪሎኸርዝ ድረስ 64 ደረጃዎች ብቻ አሉት። 7.07 የለም፤ ያለው 6.94 እና 7.27 ነው። ለ14.5 የሚቀርበው 14.36 ነው፤ እሱን አስገባሁ። ድምፁ ወደ ታች ስለሚንሸራተት በሁለት ደረጃ መሃል ከወደቃችሁ ዝቅ ያለውን ምረጡ።

ከፍሪኩዌንሲው እኩል የሚያስፈልገው ደግሞ ጊዜው ነው። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ማዳመጥ የለበትም። ኖክ የሚመጣው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ነው። ብዙ ጊዜ የማዳመጫውን መስኮት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚያዳምጥበትን ጊዜ፣ ከላይኛው ጫፍ በኋላ ከ10 እስከ 60 ዲግሪ ይከፍቱታል። እስቲ በዚያ ሰዓት ሌሎቹ ሲሊንደሮች ምን እየሠሩ እንደሆነ አስቡ። ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ነው። 1ኛው ጫፍ ላይ ሆኖ ሲነድ 4ኛው ጭስ አስወጥቶ እየጨረሰ ነው። የጭስ ቫልቮላው ከጫፍ ጥቂት ዲግሪ አልፎ ይዘጋል። ጠቅ ይላል፤ ልክ መስኮቱ ሲከፈት። 3ኛው ደግሞ ታች ላይ ነው፣ አየር አስገብቶ ሊያምቅ። የመግቢያ ቫልቮላው የሚዘጋው ከዚያ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው። እሱም ጠቅ ይላል፤ መስኮቱ መሃል። ኮምፒውተሩ የ3ኛውን ቫልቮላ ሰምቶ 1ኛው ኖክ አለው ሊል ይችላል።

ቀረጻው ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ጤነኛውን ድምፅ ብዙ አጉልታችሁ ተመልከቱ። በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ አጫጭር ሹል መስመሮች ቫልቮላዎቹ ናቸው። ኖክ ግን ተነስቶ፣ እየተርገበገበ ቀስ ብሎ ይከስማል። እኔ መስኮቱን ከ15 እስከ 45 ዲግሪ አጠበብኩት። የ4ኛው ጠቅታ ወጣ፣ የ3ኛው ጫፉ ላይ ደረሰ። ቫልቮላ የሚያንሸራትት ሞተር፣ ማለትም ቪቪቲ-አይ፣ ካላችሁ የሚዘጋበት ቦታ ስለሚቀያየር በሁለቱም ጥግ ፈትሹት። የቫልቮላው ክፍተት ሰፍቶ የሚያንቀጫቅጭ ከሆነ ደግሞ ቅኝቱን አቁማችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ቀሪው ሠንጠረዥ መሙላት ነው። ጤነኛውን ሞተር እየነዳችሁ ኮምፒውተሩ በየዙሩ የሚያነበውን መዝግቡ። ዙር ሲጨምር ጩኸቱም ይጨምራል፤ ስለዚህ «ከዚህ በላይ ኖክ ነው» የሚባልበት አንድ ወሰን ለሁሉም አይሆንም። እኔ ከጤነኛው ንባብ 2 እጥፍ እጀምራለሁ፣ እውነተኛው ኖክ ሲያመልጠኝ ዝቅ አደርገዋለሁ። ውሃው 70 ዲግሪ ሳይደርስ ማዳመጡን ዝጉት፤ ፒስተን ሳይሞቅ ግድግዳውን ይማታል። ጋዝ ሳይረገጥም ዝጉት።

ኖክ ሲሰማ ታይሚንጉን ወዲያው 3 ዲግሪ እንዲያዘገይ፣ ሲመልስ በሰከንድ ግማሽ ዲግሪ እንዲሆን፣ ድምሩም ከ8 እንዳያልፍ አድርጌ ሰጥቼዋለሁ። 8 ዲግሪ ድረስ የሚሄድ ከሆነ ጥፋቱ ታይሚንጉ ወይም ነዳጁ ጋ ነው፤ ሴንሰሩን አትውቀሱ።

መፈተኛው ቀላል ነው። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ዙር፣ አንድ ዲግሪ አስቀድሙና ሎጉን (ኮምፒውተሩ የመዘገበውን) እዩ። ቀረጻው ላይ ኖክ ባለበት ቦታ ሁሉ ኮምፒውተሩም ምልክት ማድረግ አለበት። ከዚያ ታይሚንጉን መልሳችሁ እስከ 6,000 ዙር ሳብ አድርጉት፤ እዚያ አንድም ምልክት መኖር የለበትም። ሴንሰሩን በሌላ ሥራ ምክንያት ካወለቃችሁት ወይም የካምሻፍት ቺንጋ ከተቀየረ፣ ብሎኑን በ20 አጥብቃችሁ የጤነኛውን ሠንጠረዥ እንደ አዲስ ሙሉ።